ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ባለችው ጠባብ የትኬት ቢሮዬ ውስጥ አንዲት የምድር ሉል አለች። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ክርና የልብስ ሰፊ ሜትር አይጠፋም። ይሳቁብኝ፤ «ልጄ፣ አሜሪካ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ለሚሉኝ እናቶች ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚያስረዳልኝ ይኸው ክር ነው።

መጀመሪያ ክሩን በሉሉ ወገብ ዙሪያ ጠምጥመው ይለኩት። የእኔዋ 94 ሴንቲ ሜትር ናት። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ይይዛል። ከዚያ ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጠር ያድርጉት፤ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የግድግዳ ካርታ አይመኑ። እዚያ ላይ ማስመሪያ ቢያሳርፉ መንገዱ በቻድና በማሊ ያልፋል፤ የተወጠረው ክር ግን በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ወደ ስፔን ይወጣል። አጭሩ እሱ ነው።

ርቀቱን ለ900 ያካፍሉ፤ አውሮፕላኑ በሰዓት የሚሄደው ያን ያህል ነው። 13 ሰዓት ገደማ ያገኛሉ። ሲመለሱ ነገሩ እዚያው ገደማ ነው። ሲሄዱ ግን ነፋሱ ከፊት ይመጣል፤ ቦሌም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ በተለያየ ጊዜ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ሲያርፍ ኖሯል።

ትልቁ ጣጣ ሰዓቱ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ስለሆነ ዝም ብለው አይቀንሱ። መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 08:00 ነው እንበል። ዋሽንግተን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በእነሱ የብርድ ወራት በ8። በ7ቱ ካሰብነው ሲነሱ እዚያ 15:30 ነበር። ከዚያ እስከ ንጋቱ 08:00 ሲቆጥሩ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 6 ይቀንሱ፤ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱ፤ 22:30 መጀመሪያ 16:30፣ ከዚያ ማታ 4:30 ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ግን ወጥመድ ነው፤ ትኬቱ ላይ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነውና፣ የሐሙስ 00:40 ለእኛ ገና የረቡዕ ሌሊት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአክስቴ ትኬት «ሐሙስ 00:40» ይል ነበር። እኔው በእጄ «ሐሙስ ሌሊት 6:40» ብዬ ጻፍኩላት። ሐሙስ ማታ በርበሬዋንና ድፎ ዳቦዋን ይዛ ቦሌ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ዳቦውን ሰፈር ተካፍለን በላነው፤ እሷ ግን ሳምንት አላናገረችኝም።

አሁን ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የምጽፈው «ለሐሙስ አጥቢያ፤ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ይድረሱ» ብዬ ነው። ቀጥሎም ደንበኛዬ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደርጋለሁ።