የደረቀ የቤንዚን ቱቦ እንዴት ይቀየራል

መኪና ውስጥ ቤንዚን ሲሸት ብዙ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ፋሸታውን (የቤንዚን ቱቦውን ጫፍ የሚያንቀውን የብረት ቀለበት) በካቻቢቴ ያጠብቃል። ሽታው ለጥቂት ቀን ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። የደረቀ ጎማ ሲታነቅ በፋሸታው ጠርዝ ልክ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ማፍሰስ ከመጀመሪያው የሚብሰውም ለዚህ ነው። ያረጀ ቱቦ መድኃኒቱ መቀየር ብቻ ነው። እዚህ የሚነገረው በቤንዚን ስለሚሠሩ ኢንጀክተር ስላላቸው መኪኖች ነው፤ አሮጌ ኮሮላም ይሁን ቱርቦ ተጨምሮበት ጉልበቱ ያደገ መኪና ሥራው አንድ ነው።

የት እንደሚያፈስ ማግኘት

ጎጃም ውስጥ ቱቦን የሚያጋልጡ ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው የደብረ ማርቆስ ማለዳ ነው። ጎማ በብርድ ይኮማተራል፤ ያረጀው ደግሞ መለጠጡን ስለጨረሰ የተገጠመበትን ብረት መልሶ አያቅፍም። ሞተሩ ሲነሳ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሲሞቅ ያቆማል። እኩለ ቀን ላይ ጋራዥ የወሰዱት እንደሆነ መካኒኩ «ምንም የለበትም» ቢልዎት አይፍረዱበት፤ ያኔ በእርግጥ አያፈስም። ስለዚህ መኪናውን ማታ አቁመው ጠዋት ሳይነሳ በፊት ይዩት።

ሁለተኛው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በከባድ ማርሽ ይወጣል። ሞተሩ በጣም ይግላል፣ የሚያገኘው ንፋስ ግን ትንሽ ነው። ቱቦው ክፉኛ የሚጎዳው ደግሞ ደጀን ደርሰው ለምሳ ሲያቆሙ ነው፤ ንፋሱም ቤንዚኑም መንቀሳቀስ ስለሚያቆሙ የሞተሩ ሙቀት በሙሉ ወደ ላይ ወጥቶ ቱቦው ላይ ያርፋል።

ቱቦውን በጣት ይጫኑት። ጤነኛው እንደ ላስቲክ ተጭኖ ይመለሳል፤ የደረቀው እንጨት ይሆናል፤ ቤንዚኑ ያልተስማማው ደግሞ ያብጥና ይለሰልሳል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለዚያ ያልተሠራን ጎማ እንዲህ ያደርጋል። መታጠፊያውን በትንሹ አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ከዚያ ነጭ ጨርቅ በፋሸታዎቹ ስር ያሳልፉ። ሽታው ሰልባትዮውን (የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ) ሞልተው በወጡ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሞተሩ ጋ ሳይሆን በመሙያው ወፍራም ቱቦ ወይም ከሰልባትዮው አናት ላይ ባሉት ነው።

ቱቦ መግዛት

የሱቁን ሰው «የቤንዚን ቱቦ» ብለው ከጠየቁት ያለውን ቆርጦ ይሰጥዎታል። ቱቦው ላይ የታተመውን ራስዎ ያንብቡ። ለኢንጀክተር መኪና «ኤስኤኢ 30 አር 9» (SAE 30R9) የሚል ያስፈልጋል። «አር 6» ወይም «አር 7» የሚለው ለካርቡራቶር ነው፤ አር 7 የሚችለው ግፊት እስከ 3.5 ባር ገደማ ሲሆን አር 9 ወደ 7 ባር ይደርሳል። የካርቡራቶር ፓምፕ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፣ ኢንጀክተር ግን 3 ባር አካባቢ ይሠራል። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ የቤንዚኑ ግፊት ቱርቦው የጨመረውን ያህል ከፍ ይላል፤ 3 የነበረው በ1 ባር ቱርቦ 4 ይሆናል። አር 7 ደግሞ ከመነሻውም ለዚህ አልተሠራም።

ሰልባትዮው ውስጥ ፓምፑ ላይ ያለው አጭር ቱቦ ሌላ ዓይነት ነው፤ «አር 10» የሚል መሆን አለበት። አር 9 ውስጡ ብቻ ነው ቤንዚን የሚቋቋመው፤ ቤንዚን ውስጥ ከተነከረ የውጭው ጎማ ይበላሻል። የምድጃ ጋዝ ቱቦ፣ የራዲያተር ቱቦና የሚያሳየው የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

ውፍረቱን ከአሮጌው ቱቦ አይለኩ፣ አሮጌው ተለጥጧል። የብረቱን ጫፍ ይለኩ። 8 ሚሊሜትር ብረት 8 ሚሊሜትር ቱቦ (5/16 የሚባለውን) ይፈልጋል፤ ትርፉን ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው የሚመልሰው ብዙ ጊዜ 6 ነው። 3/8ቱን ገዝቶ በፋሸታ ማጥበብ አይሠራም፤ ጎማው ይጨማደድና በጭማዱ ውስጥ ያፈሳል። ፋሸታውም ጥርሱ ጎማውን የሚበላው በቀዳዳ የተሞላው ዓይነት ባይሆን ይመረጣል፤ ውስጡ ለስላሳ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይክፈሉ።

ግፊቱን ማውረድ

ሰልባትዮው ሩብ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ይሥሩ። ክዳኑን ከፍተው አየሩን ያስወጡ። የፓምፑን ሶኬት ይንቀሉ፤ ብዙ ቶዮታ ላይ ከኋላ መቀመጫ ስር ነው። ሞተሩን አስነስተው ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ያዙሩ፣ ከዚያ የባትሪውን ነጌቲቭ ያውጡ።

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ከሰሉ ስድስት ሰባት ሜትር ርቋል ብለው አይዘናጉ፤ ቡናው ይጠጣ፣ ከሰሉ ይጥፋ፣ ከዚያ ይጀመር። በገመድ የሚጎተት አምፖልም አይጠቀሙ፣ አንድ ጠብታ አርፎበት ይፈነዳል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር፤ ከሌለ በባልዲ ደረቅ አሸዋ። ውሃ የቤንዚን እሳት ይበትናል።

አሮጌውን ማውጣት

ብረቱ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። የደረቀ ቱቦ ብረቱ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በፒንሳ ይዞ መጎተት ብረቱን ያጣምማል፤ ቀጭን የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ጫፍ ከሆነ ይሰብረዋል። በመጀመሪያ ፋሸታውን ወደ ኋላ ያንሸራቱ፣ ቱቦውን በእጅ ግራና ቀኝ ለማዞር ይሞክሩ። ከዞረ ይወጣል።

ካልዞረ ይቁረጡት። ምላጩ ብረቱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ በብረቱ ቁመት በሚሄድ ጭረት ቤንዚን መንገድ ያገኛል። በቁመቱ ይሂዱ፣ ምላጩን በጣም አጋድመው፣ የጎማውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሰንጥቁ። የቀረውን በጥፍር ወይም በእንጨት ስንጥር ከፍተው ይላጡት። ጫፉን ከላጡ በኋላ ጥፍርዎን ብረቱ ላይ ያሳልፉ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት (600 ገደማ) ዙሪያውን ቀስ ብለው ያለስልሱ፤ ከዚህ ያለፈ ከሆነ ብረቱ ራሱ ይቀየራል፣ ፋሸታ አያድነውም። ዝገትም እንዲሁ ነው። ከጣና ዳር የክረምት ጭቃ የገባበት የወለል ስር ብረት ከላይ ደህና መስሎ ከመያዣው ስር የተበላ ሊሆን ስለሚችል መያዣውን ፈትተው ይዩ።

ሌላ ማየት ያለብዎት የብረቱ ጫፍ ላይ ያለውን እብጠት ነው። ቱቦው በ3 ባር እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ፋብሪካው በብረት ጨምቆ የገጠመውን ቱቦ ቆርጦ በልሙጥ ብረት ላይ በፋሸታ መግጠም የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ ሾልኮ የጋለ ጭስ መውጫ ላይ ይረጫል።

አዲሱን መግጠም

በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ በመጋዝ የተቆረጠ የጎማ ብናኝ ኢንጀክተር ይደፍናል። ፋሸታዎቹን አስቀድመው ያስገቡ፣ ውስጡን በአንድ ጠብታ ቤንዚን ያርጥቡ፣ ቱቦው እብጠቱን አልፎ 25 ሚሊሜትር ገደማ እስኪገባ ይግፉ። ፋሸታው ከእብጠቱ ኋላ፣ ከቱቦው ጫፍ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይቀመጥ። ጎማው ከፋሸታው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ያጥብቁ፤ በፋሸታው ቀዳዳ ጎማ ከወጣ አልፈዋል። ቱቦው ሹል ነገር ወይም የጭስ መውጫ አይንካ፣ ሞተሩ ሲነቃነቅ እንዳይወጠርም ትርፍ ይኑረው።

ፊልትሮው ላይ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ቡሎን ካለ ሁለቱንም የመዳብ ሮንዴላዎች ይቀይሩ።

ያማረ ብረት ሹርባ የለበሰ ቱቦ የሚገጥሙ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ውስጡ ጎማ ከሆነ እንደማንኛውም ጎማ ያረጃል፣ ሹርባው ግን ስንጥቁን ይሸፍነዋል። ቤንዚኑም በሹርባው ውስጥ ተጉዞ ሌላ ቦታ ስለሚንጠባጠብ የሚፈሰው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ውስጡ ቴፍሎን የሆነው ይበልጥ ይቆያል፤ ግን በፋሸታ አይያዝም፣ የራሱ መግጠሚያ አለው። ሹርባው ሽቦ እንደ ሞረድ ይፈጫል፤ የባትሪውን ፖዘቲቭ ገመድ የሚነካ ከሆነ እሳት መለኮሻ ነው፣ በጎማ ይሸፍኑት።

ማረጋገጥ

ሶኬቱንና ባትሪውን መልሰው ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ፤ ፓምፑ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነፍቶ ያቆማል። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ፣ በየመሃሉ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ ሞተሩን ያስነሱ። ደረቅ ከሆነ መኪናው ይደር፤ ጠዋት በብርዱ እንደገና ይዩት፣ አዲስ ጎማ ስለሚሟሽ ፋሸታውን አንዴ ብቻ ያጥብቁ። ደጋግሞ ማጥበቅ የመጀመሪያውን ጥፋት ይደግማል።

ዓባይ በረሃ ውስጥ ቢያፈስስ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ፣ ተሳፋሪ ይውረድ። ሳሙና የሰልባትዮ ጭረት ለጊዜው ይደፍናል እንጂ ግፊት ያለበት ቱቦ ላይ አንድ ደቂቃ አይቆይም፤ ፕላስተርም ቤንዚን ሲነካው ሙጫው ይሟሟል። ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ። የሚያፈሰው ጫፉ ላይ ከሆነና ቱቦው ትርፍ ካለው፣ ግፊቱን አውርደው ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጠው መልሰው ይግጠሙት፤ ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ድረስ ያደርሳል። መሃሉ ከተሰነጠቀ ግን መኪናው መጎተት አለበት።