የበቆሎን ዘር ከጎረቤት ብናኝ መጠበቂያ ዘዴ

ዘረመሉ በቤተ ሙከራ ስለተለወጠ (ልውጠ ሕያው) ሰብል፣ ብዙው ሰው ጂኤምኦ ስለሚለው፣ ሲከራከሩ ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። አንዱ «ቢበላ ይጎዳል ወይ?» የሚለው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰፊ ግምገማ፣ ገበያ ላይ ያሉት ልውጠ ሕያው ምግቦች ከተለመዱት ይልቅ ጤናን ይጎዳሉ የሚያሰኝ ተጨባጭ ማስረጃ አላገኘም። ሌላው ጥያቄ «ወደማልፈልገው ቦታ ይሻገራል ወይ?» ነው፤ ለበቆሎ መልሱ አዎ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ ለሰው ምግብ ያልተፈቀደው ስታርሊንክ የተባለ በቆሎ በሰው ምግብ ውስጥ ተገኝቶ ምርቶች ከገበያ ተሰብስበዋል። ዘሩን ራሱ ለሚያስቀምጥ ሰው የሚያሳስበው ይሄኛው ነው፤ በእጁም ሊከላከለው ይችላል።

በአገራችን በ2010 ዓ.ም. ለእርሻ የተፈቀደው ልውጠ ሕያው የቢቲ ጥጥ ከበቆሎ ጋር አይዳቀልም። በነፋስ የሚመጣው ብናኝ፣ ማለትም የወንዴ አበባው ዱቄት፣ የዲቃላ ይሁን የልውጠ ሕያው በቆሎ፣ መከላከያው ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ የያዙት ዘር ተመልሶ የሚዘራ መሆኑን ይወቁ። ሆራና ኩለኒ የተባሉት የበቆሎ ዓይነቶች በማሳው ውስጥ እርስ በርስ በነፃ የሚዳቀሉ ስለሆኑ ዘራቸው ይቀመጣል። ጅባት የተባለው ግን ከተመረጡ ወላጆች ተዳቅሎ የተገኘ ዲቃላ ነው፤ ከምርቱ ተመልሶ ሲዘራ ቁመቱ ይዘበራረቃል፣ ምርቱም ይወርዳል። ይህን አይተው «ጂኤምኦ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ማዳቀልና የዘረመል ምህንድስና የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ለዘር የተያዘ በቆሎ ከሌላ በቆሎ 200 ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ብናኙ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው አካባቢ ይወድቃል፣ ጥቂቱን ግን ነፋስ ይወስደዋል። አጥር ለአጥር በተያያዘበት ሰበታ ወይም ቡራዩ ይህን ያህል ርቀት ከየት ይመጣል? ከጎረቤት 4 ሳምንት ዘግይቶ መዝራትም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን በሆለታ ዙሪያ ያለው ደጋ ላይ የዘገየውን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ከሁሉ የሚቀለው ተጎራባቾች ተስማምተው አንድ ዓይነት ዘር መዝራት ነው። ካልተስማሙ የበቆሎውን ራስ፣ ፍሬ የሚይዘውን ክፍል፣ በከረጢት ማልበስ ነው።

ለዚህ የካኪ ወረቀት ከረጢት ያዘጋጁ። ፌስታል አይሆንም፤ ውስጡ ያልብና ብናኙን ይገድለዋል። ራሱ ከቅጠሉ ብብት ብቅ ሲል፣ ፀጉሩ ሳይታይ፣ ከረጢቱን ያልብሱት። ፀጉሩ ቀድሞ ከወጣ ያንን ራስ ለእሸት ይተዉት፤ እያንዳንዱ ፀጉር የአንድ ፍሬ መንገድ ስለሆነ የውጭ ብናኝ ገብቶበት ይሆናል። ፀጉሩ ከከረጢቱ ሥር ሲያድግ፣ በዋዜማው ማታ አናቱ ላይ ያለውን ወንዴ አበባ በሌላ ከረጢት አስረው ያሳድሩ። ጧት ጤዛው ሲደርቅ፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አገዳውን ጎንበስ አድርገው ያራግፉት። የብዙ አገዳዎችን ብናኝ ቀላቅለው በፀጉሩ ላይ ይነስንሱና ወዲያው መልሰው ይሸፍኑ። ፀጉሩ በአንድ ቀን ሁሉ ስለማይወጣ በማግስቱ ይድገሙት፤ አለበለዚያ ራሱ ጥርሱ የወለቀ ይሆናል። በነሐሴ ዝናብ ከጣለ ይቆዩ፤ የረጠበ ብናኝ ተጣብቆ ይበላሻል፣ ፀጉሩ ግን ጥቂት ቀን ይታገሣል። የሠሩባቸውን ራሶች በቀለም ክር ይለዩ።

ከጥቂት ራስ ብቻ ዘር አይያዙ። ቢያንስ 50፣ ቢቻል 100 ራስ ያስፈልጋል፤ ካነሰ ዘሩ በየዓመቱ እየቀጨጨ ይሄዳል። የጓሮው መሬት ካልበቃ ከሁለት ሦስት ቤት አዋጡ።

ሲፈለፍሉ ነጭ በቆሎ መካከል ቢጫ ፍሬ ካዩ የቢጫ በቆሎ ብናኝ ገብቷል ማለት ነው፤ ያንን ራስ ሙሉውን ያውጡት። የነጭ ጎረቤት ብናኝ ግን በዓይን አይታይም፣ ልውጠ ሕያውም እንደዚሁ። ለእሱ የላቦራቶሪ ምርመራ ወይም ፕሮቲን የሚለይ የመመርመሪያ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ የተሠራለትን ፕሮቲን ብቻ ስለሚያሳይ፣ አንዱ «የለም» ቢል ሌላው ለውጥ የለም ማለት አይደለም።

ከጎተራ በፊት የደረቀ ጨውና ጥቂት ፍሬ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ይነቅንቁ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ፍሬው ገና እርጥብ ነው፤ ጨው እስኪራገፍ ድረስ ያስጡት።