በበጋ ወፍ ለማየት፦ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ ወንዶ ገነት ጫካ

ወፍ ማየት ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ሥራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን ሀዋሳ የሚኖር ሰው፣ ወይም ለቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሰው፣ ቱሪስቱ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበትን ነገር ቁርሱን ሳይበላ በእግሩ ሄዶ ማየት ይችላል። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የሚጠበቅባችሁ በጊዜ መነሳትና መቆም መቻል ነው። ስለ መቆሙ እመለስበታለሁ፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን እንያዝ። ሐይቁ ዳር ዓመቱን ሙሉ ወፍ አይጠፋም፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ በጋ ሲሆን አውሮፓና ሰሜን እስያ ብርድ ላይ ናቸው። ውሃው በረዶ ይሠራል፣ ነፍሳቱ ይጠፋሉ። ወፎቹ የሚሸሹት ከብርዱ ይልቅ ረሃቡን ነው። ስምጥ ሸለቆን ተከትለው ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ ገሚሱ እዚሁ ይከርማል፣ ገሚሱ ትንሽ አረፍ ብሎ ወደ ኬንያና ከዚያም ወዲያ ይቀጥላል። ከህዳር እስከ የካቲት ነባሩንም እንግዳውንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ።

እግረ መንገዴን ስለ መስቀል ወፍ አንድ ነገር ልበል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው በእሷ ስለምንመስል ብዙዎቻችን ወፏ ከሩቅ አገር መጥታ የምትመለስ ይመስለናል። በመስከረም ቢጫና ቀይ ሆነው የምናያቸው እነዚያ ትናንሽ ወፎች ግን አብዛኞቹ የትም አይሄዱም። ወንዶቹ በዝናቡ ወራት ለመራቢያ የሚያምረውን ላባ ይለብሳሉ፣ በጋ ሲገባ ያወልቁትና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ስለዚህ በታህሳስ ሣር ውስጥ ግር ብሎ የሚነሳውን ቡናማ መንጋ አትናቁት፣ የመስከረሙ ጌጠኛ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ስለ ዕቃ ብዙ አላስጨንቃችሁም። ባይኖኩላር ካገኛችሁ 8 በ42 የሚለውን ያዙ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ 12 እጥፍ የሚያቀርበው የእጃችሁን መንቀጥቀጥም 12 እጥፍ ያጎላዋል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ለዓይናችሁ አስተካክሉት፣ ይህን የሚያደርገው ሰው ትንሽ ነው። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና የመሃለኛውን መዘውር እያዞራችሁ አንድ ሩቅ ያለ ጽሑፍ በግራ ዓይናችሁ ጥርት እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ግራውን ጨፍኑ፤ አሁን መሃለኛውን ሳትነኩ የቀኙን ዓይን ቀለበት ብቻ አዙሩ። አለቀ፣ ከዚህ በኋላ የምትነኩት መሃለኛውን ብቻ ነው። ወፍ ስታዩ ዓይናችሁን ከወፏ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ፊታችሁ አምጡት። መጀመሪያ ባይኖኩላሩን አንስታችሁ ከዚያ ወፏን ልፈልግ ካላችሁ ቅጠል ስታዩ ትውላላችሁ።

ባይኖኩላር ከሌላችሁም አትቅሩ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ያለ ምንም መሣሪያ ብዙ ነገር ይታያል። ስልካችሁ ላይ ወፍ ለመለየት የሚረዳውን መርሊን የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኑ፣ የአካባቢያችንን የወፎች ጥቅልም ዋይፋይ ባለበት አስቀድማችሁ አውርዱት፣ ሐይቁ ዳር ኔትወርክ ሊያስቸግር ይችላል። ልብሳችሁ ደመቅ ያለ አይሁን። በታህሳስና በጥር ጠዋቱ ይበርዳል፣ ሹራብ ወይም ጋቢ ደረብ አድርጉ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ታወልቁታላችሁ።

በእነዚህ ወራት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ እናንተም በዚያች ሰዓት ሐይቁ ዳር ሁኑ። ሀዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ወፉ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ከመጣችሁ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታችኋለች፣ የምታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ብዙ ሰው አመሻሹ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ወጥቶ "ምንም ወፍ የለም" የሚለው ለዚህ ነው።

መነሻችሁ አሞራ ገደል ይሁን፣ የዓሣው ገበያ። ለመግቢያ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። አሣ አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ሰብስበው ሲመለሱ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቀድመው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሁሉም ሰው አባ ኮዳን ፎቶ አንስቶ ያልፋል፤ እናንተ አንዱን መርጣችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል እዩት። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። እግሩ ነጭ ይመስላል አይደል? ቆዳው ጥቁር ነው። ነጩ ኩሱ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይለቀዋል፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። መልኩን ብዙ ሰው አይወደውም፣ እኔ ግን የዚያን ሁሉ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሽታ ሳይይዝ የሚያጸዳልንን ፍጡር አስቀያሚ ማለት ይከብደኛል። ፔሊካኖች ካሉም እዚሁ አካባቢ ናቸው። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ፣ ቁርሳችሁን ከጦጣዎቹ ጠብቁ።

ከዚያ በውሃው ዳር ባለው ግድብ ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። የመቆሙ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሰው እየተራመደ እያለ ወፉ ቄጠማ ውስጥ ይገባና ዝም ይላል፣ ሰውዬው ሲያልፍ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚራመድ ሰው የሚያየው ከኋላው የሚሆነውን ሳይሆን የሸሸውን ብቻ ነው። ቄጠማና ክፍት ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ስታገኙ ቁሙ። ቢያንስ አሥር ደቂቃ። ወሬ አቁሙ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች ባዶ ይመስላሉ፣ ከዚያ ቦታው ይከፈታል።

መጀመሪያ የምትወጣው ብዙውን ጊዜ ጃካና ናት፣ ሰውነቷ ቡናማ፣ ግንባሯ ሰማያዊ፣ ጣቶቿ ከመጠን በላይ ረጃጅም። ክብደቷ በእነዚያ ጣቶች ላይ ስለሚበተን ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። በጃካና ቤት አባወራው ነው ልጅ የሚያሳድገው። እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው፣ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር አቅፎ ይሮጣል፣ በዚያን ጊዜ እግሮቻቸው ብቻ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። አየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቆሞ ክንፉን የሚያርገበግብ ጥቁርና ነጭ ወፍ ካያችሁ ባለ ሁለት ቀለሙ ዓሣ አዳኝ ነው፣ ፈረንጆቹ ኪንግፊሸር የሚሉት። ደረቱን እዩ፦ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ፣ አንድ ከሆነና መሃሉ ከተቋረጠ ሴት። ታናሹ ዘመዱ ደግሞ ሰማያዊ ጀርባና ቀይ መንቆር ያለው ነው፤ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ቄጠማው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎም ይሰወራል።

ትልልቆቹን ለመለየት ወደ ላይ እዩ። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ የሆነው፣ ድምፁን አንስቶ የሚጮኸው የአገራችን ዓሣ በል ንስር ነው። ሆዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ክንፉን ሰበር አድርጎ የሚበር ከሆነ ግን ኦስፕሬይ ነው፣ ከሰሜን የመጣ የበጋ እንግዳ።

እኔ ከእንግዶቹ ሁሉ የምወዳት ግን ከብቶች እግር ሥር የምትገኘውን ነው። ውሃው ሸሽቶ ሣር በበቀለበት፣ ላሞች በሚግጡበት ዳር ላይ ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዝ ቀጭን ቢጫ ወፍ ፈልጉ። ላሟ ስትራመድ የሚነሳውን ዝንብና ፌንጣ እየለቀመች ከሰኮናው ሥር ትሮጣለች፣ የምትረገጥ ይመስላችሁና ልባችሁ ድንግጥ ይላል፣ አትረገጥም። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም፣ የተፈለፈለችው ግን ምናልባት ሩሲያ ወይም ምሥራቅ አውሮፓ ሜዳ ላይ ነው። በህዳር ደብዘዝ ትላለች። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ወንዶቹ ለጉዞው ሲዘጋጁ ቢጫቸው እንደ አደይ ይፈካል፤ አናታቸውን ካያችሁ አንዱ ሰማያዊ ግራጫ፣ ሌላው ጥቁር ነው፣ የተለያየ አገር ተወላጆች አንድ ላም ሥር ተሰብስበው ማለት ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ በከተማዋ መግቢያ ወዳለው ጥቁር ውሃ ሂዱ። ወንዙ የሚመጣበት ጨለለቃ በፊት ሐይቅ ነበር፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ጭቃው ላይ ረጅም መንቆር ያላቸው ግራጫ ወፎች ይርመሰመሳሉ። እነሱን መለየት ለሠለጠነውም ፈተና ነው፣ ለጊዜው መጠናቸውንና የእግራቸውን ቀለም ብቻ መዝግቡ።

ሁለት ነገር በጣም ተጠንቀቁ። አንደኛ ጉማሬ። ገና ሳይነጋና ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ በእሱና በውሃው መካከል አትግቡ፣ ጀልባ ከተከራያችሁም ባለ ጀልባው እንዲጠጋ አትገፋፉት። ሁለተኛ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዝያ ስላለ ለፎቶ ብላችሁ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ። ሌላው፣ ባይኖኩላር ይዞ የሚዞር ሰው ጥያቄ ያስነሳል። ካምፕ፣ ድልድይና አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ አታውጡት። ልጆች ሲከቧችሁ አታባርሯቸው፣ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ወንጭፍ የያዘ ልጅ አንዴ የዓሣ አዳኙን ዓይን በቅርብ ካየ በኋላ ወንጭፉን የሚረሳው በምክር ሳይሆን በማየቱ ነው።

ጫካውን በሌላ ቀን አድርጉት፣ በአንድ ቀን ሁለቱን ማጣደፍ አይመከርም። ወንዶ ገነት ከሀዋሳ በሻሸመኔ በኩል ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሚኒባስ እየቀያየራችሁ ትደርሳላችሁ። ከፍል ውሃው በላይ ወዳለው ዳገት ስትወጡ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፣ መንገዱንም ወፎቹ የሚያድሩበትን ዛፍም የሚያውቀው እሱ ነው።

ጫካ ውስጥ ከዓይን በፊት ጆሮ ይቀድማል። እዚህ ዛፍ ምረጡና ሥሩ ቁሙ፣ በተለይ ፍሬ ያፈራ ሾላ ወይም ዋርካ ከተገኘ እዚያው ቁጭ በሉ፣ ወፉ ራሱ ይመጣል። እንደ ባቡር እፍ እፍ የሚል የክንፍ ድምፅ ስትሰሙ ባለ ትልቅ መንቆሩ ሆርንቢል እየመጣ ነው። ሴቷ እንቁላል ስትጥል የዛፍ ዋሻ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፣ ወንዱ በጠባቧ ቀዳዳ እየመገበ ያቆያታል። ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት አረንጓዴው ቱራኮ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ቅጠል ነው የሚመስለው፤ ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል፣ ያ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ጠዋት ማለዳ እየጮኹ ከዛፍ ጫፍ ወደ ዛፍ ጫፍ ሲያልፉ ነው የሚገኙት፣ አራት ሰዓት ካለፈ ዝም ይላሉ። የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ መጥራት ግን ተዉት፤ ወፏ ተቀናቃኝ የመጣባት መስሏት ምግቧንና ጫጩቷን ትታ ትደክማለች።

ያያችሁትን ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበር። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን ሣሉ፣ የመንቆሩን ርዝመትና የእግሩን ቀለም አትርሱ። ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ካስገባችሁት ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል፣ ለዚያ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ፣ በእኛ ጥር አካባቢ፣ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፣ በኛም አገር የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይቆጠራሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁ፣ ዓይኑን ያሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ያስፈልጋል።