የውጭ እንግዳችሁን ጅሬን ስታወጡ

ፈረንጅ እንግዳ ጅማ ከመጣባችሁ በመኪና ጅሬን አፋፍ ላይ አታውርዱት፤ በእግሩ ይውጣው። ከከተማው ጅሬን ኮረብታ ላይ እስካለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሱ፤ ለእሱ ግን «6 ሰዓት» በሉት፣ አለዚያ እኩለ ቀን ላይ ነው የሚመጣላችሁ።

ክረምቱን ተዉት፣ ጭቃው ያንሸራትታል። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ፤ ቡናው ቀልቶ ይታያል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አታጣድፉት። በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም» ማለትን አስተምሩት፤ ሰውን ሳያስፈቅድ ፎቶ እንዳያነሳም ንገሩት። ላይ ስትደርሱ የእንጨቱን ሰገነት ረጋ ብሎ ይየው፤ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የኖሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው።

ቁልቁለቱ ጉልበት ይጎዳል። መልሱን በባጃጅ አድርጉት፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ።