ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት ሲሰላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ላይ ዝም ብሎ መቀነስ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፤ የሚቆጠረውም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። ለምሳሌ ሰኞ 22:30 ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ማክሰኞ 08:00 ደለስ በሚባለው የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ቢያርፍ ጉዞው 9 ሰዓት ተኩል የፈጀ ይመስላል። ዋሽንግተን ግን ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በ7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። 7 ሲደመርበት እውነተኛው ጉዞ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በመመለሻው ደግሞ ይቀነሳል፦ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ የሚደርስ በረራ የሚፈጀው 20 ሳይሆን 13 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፤ መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃው ለምን ይረዝማል? አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን ከኋላው ይገፋዋል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚሰጠው ግፊትም ክንፉ የሚያገኘው የማንሳት ኃይልም ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ አውሮፕላኑ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሻንጣ አንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ይቸግረዋል፤ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለፉት ዓመታት ሮምንና ደብሊንን ለዚህ ተጠቅሞባቸዋል። የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ የሚነሳው ታንኩን ሞልቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

ስለዚህ «ቀጥታ በረራ» የሚለውን ቃል ብቻ አይመኑ። የበረራ ቁጥሩ ካልተቀየረ መሃል ላይ የሚያርፍም ቀጥታ ይባላል። ትኬት ሲቆርጡ «መንገድ ላይ ያርፋል ወይ? የትና ለምን ያህል ጊዜ?» ብለው ይጠይቁ።

ርቀቱን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካትም ያሳስታል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ካርታው ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው፤ በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን አድርጎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድረ ገጾች ይህንኑ በማይል 7,180 ወይም በባሕር ማይል 6,240 ብለው ስለሚጽፉት መለኪያውን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። 11,560ን በ900 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያካፍሉት 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ ግን ግምት ነው። በጦርነት የተዘጋ የአየር ክልል መንገዱን ያስረዝማል፤ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትንም ይጨምራል።

በገንዘብ የሚያስቀጣው ስህተት የሌሊቱ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 01:30» ካለ በእኛ አቆጣጠር ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ እንጂ ሲነጋ ስላልሆነ፣ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ሰው በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ጊዜ ለሚነሳ በረራ ጉዞው የሚጀመረው በዋዜማው ማታ ነው፤ በዚህ ምሳሌ ሰኞ ማታ 4:30 ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል።