ሁለት ሲም ላለው ስልክ ለየሲሙ የተለየ የጥሪ ድምፅ እንዴት ይሰጣል?

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ በ09 የሚጀምረውን የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርና በ07 የሚጀምረውን ቁጥር በአንድ ስልክ አጣምሮ መያዝ የተለመደ ሆኗል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሁለት የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አውጥተው አንዱን ለሥራ፣ ሌላውን ለቤተሰብ የሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ቁጥሮቹን ከለዩ በኋላ ግን ብዙዎች ድምፁን ሳይለዩ ይቀራሉ። ስልኩ ለሁለቱም ሲም አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ የተጠራው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ለማወቅ ስልኩን አውጥቶ ማየት ግድ ይሆናል።

በታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም በመርካቶ ግፊያ መካከል ስልክ ከኪስ ማውጣት በራሱ ስጋት ነው። እጇ ሊጥ የነካ እናት፣ መሪ የጨበጠ ሾፌር፣ ከደንበኛ ፊት የቆመ ባለሱቅ የመጣው ጥሪ አሁኑኑ መነሣት ያለበት ይሁን ወይም ጥቂት ቢቆይ የማይጎዳ መሆኑን በጆሮ ብቻ መለየት ቢችሉ እጅግ ይጠቀማሉ። ማስተካከሉ ከአምስት ደቂቃ የሚበልጥ ሥራ አይደለም። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የድምፁ ምርጫ ነው፤ ስለዚህም ከታች ስለ ምርጫው ሰፋ አድርጌ ጽፌያለሁ።

አስቀድሞ ግን ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ነገር ይጥራ። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ማሳመሪያ ብሎ የሚያቀርበው አገልግሎት የሚሰማው ለደዋዩ ነው፤ ሰው ወደ እርስዎ ሲደውል በተለመደው የመጥሪያ ድምፅ ፈንታ መዝሙር ወይም ዘፈን ይሰማል፣ ድምፁም የሚመጣው ከቴሌኮሙ ማዕከል እንጂ ከእርስዎ ስልክ አይደለም። እዚህ የምንነጋገርበት የጥሪ ድምፅ፣ በተለምዶ ሪንግቶን የሚባለው፣ የሚሰማው ለስልኩ ባለቤት ነው፤ በስልኩ ውስጥ ባለ ፋይል ስለሚሠራም ወርሃዊ ክፍያ የለበትም። የጥሪ ማሳመሪያን ለውጠው ስልካቸው ለምን በአሮጌው ድምፅ እንደሚጮኽ ግራ የሚገባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

ወደ ሥራው ሲገቡ መጀመሪያ ሁለቱም ሲሞች በስልኩ ውስጥ ገብተው መሥራታቸውን ያረጋግጡ፤ አንደኛው ከወጣ ወይም ከጠፋ የሁለተኛው ምርጫ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ቀጥሎ በሲም ማስተዳደሪያው ገጽ ለየሲሙ ስም ይስጡ። ሲም 1 እና ሲም 2 የሚለውን እንዳለ ከመተው ይልቅ «ሥራ» እና «ቤት» ብሎ መሰየም የሚሻለው፣ በኋላ ድምፁን ሲመርጡም ሆነ ሲደውሉ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማስታወስ ስለማያስፈልግ ነው።

በሳምሰንግ ስልክ ላይ ሴቲንግስ ወይም በአማርኛው ቅንብሮች የሚለውን ከፍተው ድምፅ እና ንዝረት ወደሚለው ይግቡ፣ ከዚያም ሪንግቶን የሚለውን ይንኩ። ሁለት ሲም ባለበት ስልክ ሲም 1 እና ሲም 2፣ ወይም እርስዎ የሰጧቸው ስሞች፣ ተለይተው ይቀርባሉ። አንደኛውን ከፍተው ከዝርዝሩ ድምፅ ይምረጡ፤ ተመልሰው በሁለተኛውም ላይ እንዲሁ ያድርጉ። በዝርዝሩ አናት ላይ የመደመር ምልክት ካለ፣ እርሱን በመንካት በስልክዎ ያለውን ሙዚቃ ወይም የቀዱትን ድምፅ ማስገባት ይቻላል።

በአገራችን በብዛት በሚገኙት በቴክኖና በኢንፊኒክስ ስልኮችም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ በቅንብሮች ውስጥ ድምፅ የሚለውን ሲከፍቱ የየሲሙ የጥሪ ድምፅ በየራሱ መስመር ተቀምጦ ይገኛል። በሌሎች አንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ ለየሲሙ ለይቶ ማውጣትን የሚፈቅድ ማብሪያ አስቀድሞ ካልበራ ሁለተኛው ምርጫ አይታይም። መንገዱ ከጠፋብዎ በቅንብሮች ገጽ ላይ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ሪንግቶን የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉ፣ ስልክዎ በአማርኛ የሚሠራ ከሆነም «ጥሪ ድምፅ» ብለው ቢፈልጉ፣ ስልኩ ራሱ ወደ ቦታው ይመራዎታል።

አይፎን ለያዙ ሰዎች ነገሩ ለረጅም ጊዜ የማይቻል ነበር። በአንድ አይፎን ሁለት መስመር መጠቀም በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጡት ከኤክስ ኤስና ከኤክስ አር ጀምሮ የተቻለ ቢሆንም፣ ለየመስመሩ የተለየ ድምፅ መስጠት የተፈቀደው በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው አይኦኤስ 17 ነው። ስለዚህ ስልኩ ከዚያ በታች ባለ ሥርዓት የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ ማሻሻል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በሴቲንግስ ውስጥ ሳውንድስ ኤንድ ሃፕቲክስ፣ ቀጥሎም ሪንግቶን የሚለውን ከፍተው መስመሩን መርጠው ድምፁን ይሰጡታል።

ይህን ጨርሶ የማይፈቅዱ ስልኮችም አሉ። በእነዚህ ላይ ያለው አማራጭ ድምፁን ለሲሙ ሳይሆን ለሰዎቹ መስጠት ነው፤ በስልክ ማውጫው ውስጥ የአንድን ሰው ስም ከፍተው ማስተካከያ ሲሉ ለእርሱ ብቻ የሚሰማ ድምፅ መምረጥ ይቻላል። ለቤተሰብ አባላትና ለቅርብ ሰዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጥተው የቀረውን ሁሉ በስልኩ የጋራ ድምፅ ቢተዉት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ በሲሙ ላይ የተመዘገበ ስም የራሱ ድምፅ ሊሰጠው አለመቻሉ ነው፤ ሲም ካርድ ከስምና ከቁጥር ያለፈ እንዲህ ያለ ነገር የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው፣ ስሙን መጀመሪያ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ጉግል አካውንት መገልበጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አብዛኛው ሰው ዝርዝሩን ከፍቶ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያዳምጥና ደስ ያሰኙትን ሁለት ድምፆች ይመርጣል። በማግስቱ ገበያ መሃል ወይም ሚኒባስ ውስጥ ስልኩ ሲጠራ ግን ሁለቱ አይለዩለትም። ምክንያቱ በስልኩ ስፒከር ላይ ነው፤ ስፒከሩ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ወፍራም ድምፅን አጉልቶ ማውጣት አይችልም። የበገና ድምፅ ልብ የሚነካ ቢሆንም ግርማው ያለው በወፍራምነቱ ስለሆነ ከስልክ ሲወጣ ይኮሰምናል፤ የከበሮ ምትም በትልቅ ስፒከር የምናውቀው ጉልበት በስልክ ላይ አይኖረውም። የዋሽንት ድምፅ ወይም የክራር ቀጫጭን ክሮች ግን በጫጫታ መካከል ሰንጥቀው ይሰማሉ። እንግዲህ ለአስቸኳዩ ሲም እንዲህ ያለውን ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጡት ጥሩ ነው።

ዜማ ከዜማ መለየት ብቻውንም አይበቃም። በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ ያለ ስልክ ዜማው ይታፈናል፣ ምቱ ግን ይሰማል፤ ስለዚህ ሁለቱን ድምፆች በምታቸው እንዲለያዩ ማድረግ ከሁሉ የሚሻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንደኛው ሳይቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ ሌላው እንደ በር ማንኳኳት ቆም እያለ የሚመታ ይሁን። ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ቢመርጡም እንኳ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄዱ ከሆኑ ከቦርሳ ውስጥ ሲሰሙ አንድ ይሆናሉ።

ዘፈን ወይም መዝሙር ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው ወሳኙ የመጀመሪያው ሦስት ሰከንድ ነው። ብዙ የአማርኛ ዘፈኖች በቀስታ በሚነሣ መግቢያ ይጀምራሉ፤ ዜማው እስኪደርስ ጥሪው ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ከዘፈኑ ወዲያው የሚታወቀውን ክፍል በድምፅ መቁረጫ መተግበሪያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አድርገው ይቁረጡ። የተቆረጠውን ፋይል በስልኩ የውስጥ ማከማቻ ሪንግቶንስ በሚባለው ማህደር ውስጥ ያስቀምጡት፤ በአንድሮይድ ስልኮች በዚያ ማህደር ያለ ድምፅ በምርጫው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በሚሞሪ ካርድ ላይ ከተዉት ግን፣ ካርዱ ሲወጣ ወይም ሲበላሽ ስልኩ ፋይሉን ስለሚያጣው ወደ ቀድሞ ድምፁ ይመለሳል። ደግሞም ስልኩ ለቅሶ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም አብሮዎት እንደሚገባ አስበው ይምረጡ፤ ድምፁን ማጥፋት የረሱ ዕለት የጭፈራ ዘፈን በሐዘንተኞች መካከል ቢነሣ ከሚሰማዎት ኀፍረት ይልቅ የቤቱ ባለቤት የሚሰማው ይከብዳል።

ለእናቴ ስልክ ድምፅ ስመርጥ የተማርኩት ሌላ ነገር አለ። ጥርት ያለ ይሰማታል ብዬ እጅግ ቀጭን የሆነ የወፍ ድምፅ የመሰለ ነገር ለቤተሰቡ ሲም ሰጠሁት፤ እኔ ከሌላ ክፍል እሰማው ነበር፣ እርሷ ግን ስልኩ አጠገቧ ሆኖ ሳትሰማ ብዙ ጥሪ አለፋት። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ድካም የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነውና፣ ለአረጋውያን የሚስማማው በጣም ቀጭንም በጣም ወፍራምም ያልሆነ፣ መካከለኛ ድምፅ ነው። ያንን ትቼ እንደ ድሮው የቤት ስልክ የሚያቃጭል ደወል ለቤተሰቡ፣ ቀስ ያለ የክራር ቅኝት ለሌላው ሲም አደረግሁላት። አሁን ሳታየው ትለያለች፤ ደወሉ ሲሰማ ትነሣለች፣ ክራሩ ሲሰማ የያዘችውን ሥራ ትጨርሳለች።

የድምፁን ከፍታ በተመለከተ፣ በአብዛኞቹ ስልኮች የጥሪ ድምፅ ከፍታ ለሁለቱም ሲም የጋራ ነው፤ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ አንደኛው ሲም እንዳይረብሽ የሚፈልግ ሰው ከመነሻው ለስላሳ ሆኖ የተቀዳ ድምፅ ይምረጥለት። ጨርሶ እንዳይሰማ ከፈለጉም በዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን ድምፅ አልባ የሚለውን ምርጫ ለዚያ ሲም ብቻ መስጠት ይችላሉ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሥራ ቁጥራቸውን ሳያጠፉ ማረፍ ለሚፈልጉ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው።

ሁሉን በትክክል አስተካክለው ስልኩ ባልጠበቁት ድምፅ ቢጠራ፣ ከሁለት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አይቀርም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ለደዋዩ ቀደም ሲል የተለየ ድምፅ ሰጥተውት ከነበረ ነው፤ ለሰው የተሰጠ ድምፅ ለሲም ከተሰጠው ይበልጣልና በየትኛውም ሲም ቢደውል ያው ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛው፣ ጥሪው በሲም ሳይሆን በኢንተርኔት የመጣ እንደሆነ ነው። በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የሚደወል ጥሪ ከሲሙ ድምፅ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የሚደውሉ ዘመዶች ብዙዎቹ በእነዚህ ስለሚጠቀሙ፣ ለዚህ ሦስተኛ ድምፅ ማዘጋጀት ተገቢ ነው። በዋትስአፕና በቴሌግራም ውስጥ የማሳወቂያ ቅንብሩን ከፍተው የጥሪውን ድምፅ መለወጥ ይቻላል። ሲሞቹን አውጥተው ቦታ ለውጠው ካስገቡ ደግሞ፣ በብዙ ስልኮች ድምፁ የሚከተለው ማስገቢያውን ስለሆነ፣ ምርጫው ተገላብጦ ሊገኝ ስለሚችል እንደገና ይመልከቱት።

ድምፅ መለየት የማይፈታው አንድ ችግርም አለ። ሁለት ሲም የሚይዙ አብዛኞቹ ስልኮች በአንዱ እየተነጋገሩ ሳለ ሌላውን አያስጠሩም፤ ደዋዩ የሚሰማው ቁጥሩን ማግኘት እንደማይቻል ነው። ይህ የሚያሳስብዎ ከሆነ ኮከብ 62 ኮከብ፣ ከዚያ ጥሪው እንዲዛወርበት የሚፈልጉትን ቁጥር፣ በመጨረሻም መሰላል አድርገው ከዚያ ሲም ላይ በመደወል፣ ቁጥሩ በማይገኝበት ጊዜ ጥሪው ወደ ሁለተኛው እንዲዛወር ማዘዝ ይቻላል፤ ለመሰረዝ ሁለት መሰላል፣ 62፣ ከዚያም አንድ መሰላል (##62#) ይደወላል። የተዛወረው ጥሪ ሂሳብ በእርስዎ ላይ ሊታሰብ ስለሚችል አስቀድመው ታሪፉን ከድርጅቱ ይጠይቁ።

በመጨረሻ ይፈትኑት። ስልኩን እንደ ወትሮው በሚይዙበት ቦታ፣ በኪስም ሆነ በቦርሳ ያድርጉትና የቤት ሰው የትኛውን ቁጥር እንደሚጠራ ሳይነግርዎ ሁለቱን እያፈራረቀ አምስት ስድስት ጊዜ እንዲደውል ይለምኑት። ሙከራው ጸጥ ባለ ክፍል ሳይሆን ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን በተከፈተበት ቤት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ከተሳሳቱ ወይም ለመለየት ቆም ብለው ማሰብ ካስፈለገዎት ከሁለቱ ድምፆች አንዱን ለውጠው ሙከራውን ይድገሙት።