የወታደርና የሲቪል ጥይት መቀላቀል፦ የቱ ይሆናል፣ የቱ አይሆንም

አጎቴ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ከአባቱ የወረሳት ኤም ዋን የምትባል የድሮ የአሜሪካ ጠመንጃ አለችው፣ ፈቃዷም የወጣ ነው። አንድ ሌሊት ጅብ በረቱ ጋ ሲያስቸግረው ጥይት አልቆበት ነበርና ጎረቤቱ ካለው ላይ ቆጥሮ ሰጠው፣ «ይሄም 7.62 ነው ያንተም 7.62 ነው አያ፣ አብሽር ይገባል» አለው። ገባም። ሲተኩስ ግን ጋዙ ወደ ኋላ ወጥቶ ጉንጩን ለበለበው፣ ዓይኑ የተረፈችው በአላህ ነው። ቀለሃውን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ አሁንም ይሄን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንገቱ ጠፍቷል፣ ማለቴ ጥይት ከትከሻው በላይ ቀጠን የሚለው ነገር የለም፣ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ተነፍቷል፣ በጎኑ ደሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የጎረቤቱ ጥይት 7.62 በ51 ነው፣ ጂ ስሪ የሚባለው ጠመንጃ የሚተኩሰው የኔቶ (የምዕራባውያን ጦር) ጥይት። የኤም ዋኗ ደሞ 7.62 በ63፣ አሜሪካኖቹ ሰርቲ ኦ ሲክስ የሚሉት። የፊተኛው ቁጥር፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በሚሊ፣ አንድ ነው ኋለኛው ግን የቀለሃው ርዝመት ነው በሚሊ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። አጭሩ ቀለሃ ረጅሙ ቤት (ጥይቱ የሚቀመጥበት የጠመንጃው ክፍል) ውስጥ ሲገባ ከፊቱ 12 ሚሊ ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ባሩዱ ሲነድ ነሃሱ ያን ባዶ ለመሙላት ይለጠጣል፣ ካልቻለ ይቀደዳል።

ለምን እንደሚገባም ልንገራችሁ ምክንያቱም አደጋው እዚህ ጋ ነው። የኔቶው 51፣ የማውዘሩ 57 እና የኤም ዋኑ 63 ቂጣቸው አንድ ነው፣ ሶስቱም 12 ሚሊ ገደማ፣ ምክንያቱም አሜሪካኖቹ ጥይታቸውን ሲሰሩ የማውዘሩን ቂጥ ተከትለው ነው የሰሩት። ስለዚህ የመዝጊያው ጥርስ ሁሉንም ይይዛል፣ እጅ አይለየውም። ከሁሉ የሚከፋው የማውዘሩን ኤም ዋን ውስጥ መክተት ነው፣ የማውዘሩ ዓረር 8.2 ሚሊ ውፍረት አለው የኤም ዋኑ 7.8 ነው፣ እየተገፋ ከገባ ያ ሁሉ ዓረር በጠባቡ አፈሙዝ ሊያልፍ ይታገላል፣ ጠመንጃው ፊታችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እኛ ሀገር ይሄ ተረት አይደለም፣ በጃንሆይ ጊዜ ሁለቱም ጠመንጃዎች የጦሩ ነበሩ፣ በየቤቱ አንድ ዝናር ላይ ተቀላቅለው የተቀመጡ አሉ።

ደሞ 7.62 ተብሎ የሚጠራው ብዙ ነው። የክላሹና የኤስኬኤሱ በ39 ነው፣ የድራጉኖቭ ጠመንጃና የፒኬኤም መትረየሱ በ54 ነው ከ1891 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው (እ.ኤ.አ.)፣ የቶካሬቭ ሽጉጡም ራሱ 7.62 ነው። ስለዚህ «7.62 ስጠኝ» ማለት ደሴ ፒያሳ ቆሞ «ቢጫ ታክሲ ጥራልኝ» እንደማለት ነው፣ ወዴት የሚሄደው?

እንግዲህ እንዴት ትለያላችሁ። መጀመሪያ ጠመንጃውን አንብቡ፣ አፈሙዙ ላይ ወይ ከጥይት ቤቱ አጠገብ የተቀረጸ ካለ እሱን ያዙ፣ ክላሽ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ካሊበሩ (የጥይቱ ልክ) አይጻፍም። ከዚያ የልጆች ማስመሪያ አምጡና ያልተተኮሰውን ጥይት ከቂጡ እስከ ጫፉ ለኩ። የክላሹ 5 ከግማሽ ሴንቲ አለፍ ይላል፣ የኔቶው 7 ሴንቲ ገደማ፣ የድራጉኖቩ 7.7፣ የማውዘሩ 8 አለፍ፣ የኤም ዋኑ 8 ከግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የድራጉኖቩ ቂጥ ደሞ ወደ ውጪ የወጣ ከንፈር አለው፣ በጣት ዳስሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሌሎቹ ግን ከቀለሃው ጋር እኩል ነው። ቂጡ ላይ ያለውን ጽሁፍም እዩት፣ የሲቪል ጥይት ከሆነ ስሙና ካሊበሩ በግልጽ ይጻፋል፣ የኔቶ ከሆነ ክብ ውስጥ መስቀል ሊኖረው ይችላል፣ የሩሲያ የወታደር ግን የፋብሪካ ቁጥርና አመተ ምህረት ብቻ ነው፣ ያን ቁጥር ካሊበር መስሎት የሚሳሳት ሰው አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ መልካቸው አንድ የሆነ የወታደርና የሲቪል ጥይት ይለዋወጣል ወይ? በአንዳንዱ አዎ፣ በአንዳንዱ ወደ አንድ በኩል ብቻ። የኔቶው 7.62 በ51 እና የሲቪሉ 308 ዊንቸስተር በውጪ መልካቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ 308ቱ በ1952 ወጣ የኔቶው በ1954 ጸደቀ፣ እ.ኤ.አ. ነው። ደህና በሆነ ዘመናዊ የ308 ጠመንጃ የወታደሩን መተኮስ ችግር የለውም። በተቃራኒው ሲሆን ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ የወታደር ጠመንጃ ቤቱ ቆሻሻም ሙቀትም እንዲችል ትንሽ ረዘም ተደርጎ ይሰራል የወታደር ቀለሃም ወፍራም ነው፣ የሲቪሉ ግን ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ ባረጀና በላላ ጠመንጃ ውስጥ ከወገቡ ሊበጠስ ይችላል። ቀለሃው ሲወጣ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካያችሁ ሊበጠስ እየተዘጋጀ ነውና አቁሙ፣ ጠመንጃውን ለሚያውቅ አሳዩ።

5.56 (የኤም 16 የወታደር ጥይት) እና የሲቪል አምሳያው 223 ሬሚንግተን ላይ ደሞ እንዲህ ነው፣ 5.56 የሚል ጠመንጃ 223ን ይተኩሳል፣ 223 ብቻ የሚል ጠመንጃ ግን 5.56 አይሰጠውም፣ ምክንያቱም ከቤቱ ፊት ዓረሩ የአፈሙዙን የውስጥ ጥምዝ ጥርሶች እስኪነካ ያለው ርቀት አጭር ነው፣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ለክላሽ የሚሆን የሲቪል 7.62 በ39 ልኩ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ የኤስኬኤስና የክላሽ መምቻ መርፌ ልቅ ነው፣ የሲቪል ጥይት ቂጥ መሃል ያለችው ክብ፣ መርፌው መቷት ባሩዱን የምትለኩሰው፣ ደሞ ከወታደሩ ሳሳ ልትል ትችላለች፣ ስለዚህ ስታጎርሱ አፈሙዙ ሰውም ከብትም ወደሌለበት ይዙር፣ መርፌው ቆሻሻ ይዞት ከተጣበቀ ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችላል። ለኤም ዋንም የራሱ ካሊበር ቢሆን እንኳ ለአደን የተሰራውን ከባዱን አትስጡት፣ ጋዙ የሚገፋውን ዘንግ ያጣምመዋል።

የጫፍ ቀለምም ያታልላል። አረንጓዴ ጫፍ በሩሲያ የክላሽ ጥይት ላይ የሚያበራው ነው፣ ትሬሰር፣ ሳርና ክምር ያቃጥላል፣ በአሜሪካ 5.56 ላይ ግን ያው አረንጓዴ ውስጡ ብረት ያለው ጥይት ነው። ጥቁርና ቀይ ያለበት የክላሽ ጥይት ብረት የሚበሳና የሚያቃጥል ነው፣ ለቤት ጥበቃ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ካገኛችሁት ለፖሊስ አስረክቡት።

ከሸፈ እንበል፣ ቃታ ሳባችሁ ዝም አለ። ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ ባዶ ሜዳ አዙራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቁጠሩ፣ አርጅቶ እርጥበት የነካው ባሩድ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ድምጹ ከወትሮው ያነሰ፣ ጭጭ ያለ ከሆነ ደሞ ዓረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሁለተኛ እንዳትተኩሱ፣ ጥይቱን አውጥታችሁ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ አይሆንም።

የድሮ የሩሲያ ጥይት ከተኮሳችሁ ያን ቀን ማታ ጠመንጃውን እጠቡት። የምትመታዋ ክብ ውስጥ ያለው ነገር ሲነድ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደሞ እርጥበት ይስባል፣ ደላንታና ወገልጤና ጉም ውስጥ ያደረ ጠመንጃ ባጭር ጊዜ ዝገት ይይዛል። ዘይት ብቻውን ጨውን አያጥብም፣ የፈላ ውሃ ነው የሚያጥበው፣ አፍስሳችሁ አድርቃችሁ ከዚያ ዘይት።

አጎቴ ጋ ተመልሼ ሄጄ ያን የቆዳ ዝናር አብረን ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነው። ሶስት አይነት ወጣ፣ ኤም ዋን፣ ማውዘር፣ ኔቶ። በማስመሪያ እየለካን ለየናቸው፣ የኤም ዋኑን ብቻ አስቀረ፣ ሌላውን በከረጢት አስሮ ከነፈቃዱ ወረዳው ፖሊስ ጋ ወሰደው፣ በጦር መሳሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሰረት ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ጠመንጃ ውጪ የሆነ ጥይት ቤት ማስቀመጥ ራሱ ጣጣ ያመጣል። እሳት ውስጥ ልጣለው ብሎ ነበር መጀመሪያ፣ እጁን ይዤ ነው ያስቆምኩት።